ማሽን የማያቆሙት ተማሪዬ

ማስተማር የጀመርኩት አቃቂ ውስጥ፣ ከድሮው የባቡር ሐዲድ ብዙም በማይርቅ አንድ የሙያ ማሠልጠኛ ነው። የተሰጠኝ ክፍል አሥራ ስድስት ኮምፒውተሮች ነበሩት። አሥራ አራቱ ይሠራሉ፤ አንዱ ደስ ሲለው ይሠራል፤ አንዱ ደግሞ ክዳኑ ተነስቶ የውስጥ ዕቃ ማሳያ ሆኗል። ሥርዓት ስለምወድ በመጀመሪያው ሳምንት ሁሉም ወንበር ላይ ቁጥር ጻፍኩ። የነጭ ሰሌዳ ማርከሮቼንም በቀለም ለየኋቸው፤ ሰማያዊ ለትርጉም፣ አረንጓዴ ለምሳሌ፣ ቀይ ለስህተት። ተማሪዎቼ ይህን ለማወቅ ሁለት ቀን አልፈጀባቸውም። ቀዩን ሳነሳ ከኋላ «ዛሬ ደግሞ ማን አጠፋ?» የሚል አይጠፋም ነበር።

አብዛኞቹ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ገና የጨረሱ ወጣቶች ናቸው። አንዲት ተማሪዬ ብቻ ሃምሳ ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው ሴት ነበሩ። እኔም ተማሪዎቹም «እትዬ» እንላቸዋለን። እዚያው አቃቂ ባለ አንድ ክር ፋብሪካ በፈትል ክፍል ሃያ ሁለት ዓመት ሠርተዋል። ወንበር ቁጥር ሰባት ላይ ይቀመጣሉ፤ ደብተራቸውን በጋዜጣ ለብደዋል፤ በየጥቂት ደቂቃው ደግሞ አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ይዘው ያስላሉ።

ለምን እንደመጡ የነገሩኝ በምዝገባው ዕለት ነው። ፋብሪካው አዳዲስ ማሽኖች አስገብቶ ከመስታወት ጀርባ ሆነው በስክሪን የሚከታተሉበት መቆጣጠሪያ ክፍል እያዘጋጀ ነበር። ከፈትል ክፍል ወደዚያ የሚዛወረው አንድ ሰው ብቻ ሲሆን፣ የሚዛወረውም የፕሮግራሚንግ መሠረታዊ ሥልጠና ወስዶ የተግባር ፈተናውን ያለፈ ነው።

«ቲቸርዬ፣ ሐኪሙ ከጥጡ ውጪ ብሎኛል» አሉኝ። «ከጥጡ የሚያወጣኝ ደግሞ ያንቺ ወረቀት ነው።»

ወረቀቱን የምሰጠው እኔ አይደለሁም፣ ከውጭ የሚመጣ ፈታኝ ነው ብዬ በዝርዝር አስረዳኋቸው። በትዕግስት አዳመጡኝና «እሱን እኮ ነው የምልሽ» አሉ።

ሁለተኛው ሳምንት ላይ ሉፕ ደረስን። በሰማያዊው እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ሉፕ ማለት ማቆሚያው እስኪደርስ ድረስ አንድን ሥራ ደጋግሞ መሥራት ነው።» በአረንጓዴው ደግሞ ምሳሌ አዘጋጅቼ ነበር። የምኖረው ሳሪስ ነው፤ በየጠዋቱ ታክሲ ተሳፍሬ ወደ አቃቂ እወርዳለሁ። ስለዚህ ሚኒባሱን መረጥኩ። ባዶ ወንበር እስካለ ድረስ ረዳቱ ይጠራል፤ አንድ ሰው ሲገባ ከባዶ ወንበሮቹ ቁጥር አንድ ይቀነሳል፤ ቁጥሩ ዜሮ ሲሆን በሩ ይዘጋና መኪናው ይሄዳል። እንዲህ ያለ ጥሩ ምሳሌ ማግኘቴ ራሴን አስደስቶኝ ነበር።

ከኋላ ወንበር የሚቀመጠው ቀልደኛ እጁን አወጣ።

«ቲቸር፣ ይሄ ሉፕ አያልቅም።»

ለምን ስለው፣ ረዳቱ ሁልጊዜ «አንድ ሰው የቀረው!» ነው የሚለው አለኝ። ስምንት ወንበር ባዶ ሆኖ አንድ ሰው ነው። ሦስት ሰው ከገባም በኋላ አንድ ሰው ነው። ሞልቶ፣ ትርፍ እየፈለገም አንድ ሰው ነው። ቁጥሩ በፍጹም አይቀንስም።

ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። እኔ ግን አረንጓዴውን ማርከር እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ልጁ የተናገረው ለሦስተኛው ቀን ያስቀመጥኩትን ትምህርት ነበር። ማብቂያ የሌለው ሉፕ ብዙ ጊዜ የሚፈጠረው በዚሁ መንገድ ነው፤ ፕሮግራሙ ቁጥሩ ዜሮ እስኪሆን ይጠብቃል፣ ቁጥሩን የሚቀንስ መስመር ግን የጻፈ የለም። ቀዩን አንስቼ «አንድ ሰው የቀረው» ብዬ ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኮምፒውተሩ ዙር ውስጥ ገብቶ አልወጣም ያለው ተማሪ «ቲቸር፣ አንድ ሰው የቀረው ሆኖብኛል» ይለኛል። በዓመቱ ውስጥ ካስተማርኳቸው ቃላት ሁሉ በደንብ የያዙት ይህንን ነው፤ እሱንም ያስተማርኩት እኔ አይደለሁም።

ነገሩ በዚያ አላበቃም። አንዷ ልጅ የአክስቷን ቤት አነሳች። «በቃኝ» ስትይ «በሞቴ» ትልሻለች፤ ትበያለሽ፤ ሳህኑ ላይ ይጨመራል፤ እንደገና «በቃኝ» ትያለሽ። የአክስቷ ፕሮግራም «በቃኝ» የሚለውን ቃል ጭራሽ አያነበውም አለች። ሌላው አባቱንና የሰፈራቸውን የዕድር ዳኛ አመጣ፤ በር ላይ ከተገናኙ «ይግቡ»፣ «ኧረ እርስዎ ይቅደሙ»፣ «አይሆንም፣ በፍጹም» ይባባላሉ፤ ሁለት ትሁት ፕሮግራሞች ፊት ለፊት ቆመው አንዱ ሌላውን ይጠብቃል። እኔ ደግሞ ነገር ካልመዘገብኩ እንቅልፍ አይወስደኝም። የደብተሬን የመጨረሻ ገጽ «የማያልቁ» ብዬ ሰየምኩትና ያመጡልኝን ሁሉ በተራ ቁጥር መጻፍ ጀመርኩ።

ዝርዝሩ ሲረዝም አንድ ጥያቄ ይከነክነኝ ጀመር። በአክስት ቤት እየበላ የቀረ ሰው የለም። ሽማግሌዎቹም በመጨረሻ ይገባሉ። ታክሲውም ይሄዳል። በምን ተላቀቁ? አንድ በአንድ ስጠይቅ መልሱ ተቀራራቢ ሆኖ አገኘሁት። ታክሲውን ተራ አስከባሪው በጥፊ ጀርባውን መትቶ ይሸኘዋል። ሽማግሌዎቹን ከኋላ የመጣ ሦስተኛ እንግዳ ገፋ አድርጎ ያስገባቸዋል። በኑሮ ውስጥ እንዲህ ያለውን ዙር የሚበጥሰው ብዙውን ጊዜ ከውጭ የሚመጣ ሰው ነው። ኮምፒውተሩ ግን ከውጭ የሚመጣለት ሰው የለውም፤ መውጫውን ቀድሞ በውስጡ የሚጽፍለት ያስፈልገዋል። ይህንን በማግኘቴ በጣም ተደሰትኩና በማግስቱ አርባ ደቂቃ ሙሉ አስረዳሁት። ቀልደኛው መውጫውን ለእኔም እንዲጽፉልኝ ጠየቀ።

እትዬ አይስቁም፤ ይጽፋሉ። የመጀመሪያ ልምምዳቸው ከአንድ እስከ አሥር መቁጠር ነበር። ስዞር ወንበር ሰባት ጋ ስደርስ ስክሪኑ ላይ ቁጥር እንደ ጎርፍ ይወርዳል፤ አርባ ሺህን አልፏል። እትዬ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው በጸጥታ ይመለከቱታል።

«እትዬ፣ ምነው አልጠሩኝም?»

«ምን ሆነና? እየሠራ ነው እኮ።»

«አሥር ላይ መቆም ነበረበት።»

«አልፎታል» አሉ፣ ደስ ብሏቸው። «ጥሩ እየሄደ ነው።»

ኪቦርዱ ላይ ኮንትሮልንና «ሲ» የምትለዋን ፊደል አንድ ላይ ተጭኜ አቆምኩት። ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው ገለጡ። ያልተበላሸ ነገር ሲቆም ማየት እንደማይወዱ ያኔ አላወቅኩም።

እንዲሁ ሦስት ሳምንት አለፈ። እትዬ ደካማ ተማሪ አልነበሩም። ከወጣቶቹ ሁሉ ቀድመው የኪቦርዱን ፊደላት ቦታ በእጃቸው አውቀዋል። አንዲት ነጥብ ከጎደለች ከጎረቤት ስክሪን ላይ ሳይቀር ትታያቸዋለች፤ የተበጠሰ ክር በመፈለግ የተሳለ ዓይን ነው። የማቆሚያውን መስመር አጠገባቸው ስቆም ይጽፏታል። ዞር ስል ግን በሚቀጥለው ፕሮግራም ላይ የለችም። በሰማያዊ አስረዳሁ፣ በአረንጓዴ አስረዳሁ፣ ሥዕል ሣልኩ፣ የሚፈላ ድስት አመጣሁ፣ የትራፊክ መብራት አመጣሁ። በትህትና «ገባኝ» ይሉና ማብቂያ የሌለው ሉፕ ጽፈው ያስረክቡኛል። ከመስጋት ይልቅ ግራ ገባኝ። የሚረሳ ሰው አንዳንዴ ይረሳል፤ ሁልጊዜ የሚተው ሰው ግን ምክንያት አለው።

የፈተናው ቀን ሲለጠፍ ስጋቱም መጣ። ሁለት ሳምንት ቀርቷል። ደንቡ አጭር ነው፦ ፕሮግራሙ ራሱ ሠርቶ ራሱ መጨረስ አለበት፤ ሰዓቱ እስኪያልቅ የሚዞር ፕሮግራም ዜሮ ነው። ቀጣዩ ፈተና ሲመጣ ደግሞ የመቆጣጠሪያው ክፍል ወንበር ሌላ ሰው ተቀምጦበታል። እትዬም ወደ ጥጡ ይመለሳሉ። ሳሉ በዚያ ሰሞን ብሶባቸው ነበር።

ስለዚህ የሚሠሩበትን ቦታ ማየት እንደምፈልግ ነገርኳቸው። ምን እንደምፈልግ እኔም በትክክል አላውቅም ነበር። ፎርማናቸውን አስፈቅደው ከቀኑ ስምንት ሰዓት ሊሆን ሃያ ደቂቃ ሲቀረው፣ ፈረቃ ሊቀየር ሲል አስገቡኝ።

የፈትል ክፍሉ ከአንድ ጫፍ ሌላው ጫፍ የማይታይበት አዳራሽ ነው። ድምፁ በጆሮ ብቻ አይሰማም፤ ከወለሉ በእግርም ይገባል። አየሩ ላይ እንደ ካፊያ የሚንሳፈፍ የጥጥ ብናኝ አለ፤ የሴቶቹ ቅንድብ ነጭ ሆኗል። በዚያ ጩኸት መነጋገር ስለማይቻል በእጅ ምልክት ነው የሚግባቡት። እትዬ በሁለት ረጃጅም ማሽኖች መካከል ይመላለሳሉ። የተበጠሰ ክር ሲያዩ በሁለት ጣት ይዘው ይቀጥሉታል፤ ማሽኑ በዚህ ሁሉ መካከል ይሽከረከራል።

ስምንት ሰዓት ሲሆን ተረኞቹ ገቡ። የእትዬ ተረካቢ ወጣት ሴት ናት። መጥታ ሰላም አላለችም። ከኋላቸው ሆና አንድ ዙር አብራቸው ተመላለሰች፣ ግራና ቀኝ ክሮቹን አየች፤ ከዚያ ግራ ትከሻቸውን በመዳፏ ነካች። እትዬ እጃቸውን ከክሩ አነሱ፤ የልጅቷ እጅ እዚያው ላይ አረፈ። ማሽኑ ምንም አልተሰማውም። በአዳራሹ ሁሉ፣ ከመስመር መስመር፣ መዳፍ ትከሻን እየነካ ሰው ሁሉ ተቀየረ፤ የቆመ ማሽን ግን አንድም አላየሁም።

ከበሩ ውጪ፣ ጆሮዬ ገና እየጮኸ፣ የምጠይቀው ነገር ወደ አፌ መጣ።

«እትዬ፣ ማሽኑ መቼ ነው የሚቆመው?»

«ሲበላሽ ነዋ። ያኔም መካኒኩ እንጂ እኔ አላቆመውም። በሃያ ሁለት ዓመት አንድ ቀን አላቆምኩም።» ይህን ሲሉ ቀና ብለው ነው። ማሽን ያቆመች ሴት በክፍሉ ስሟ እንደሚነሳ፣ ሳምንት ሙሉ በምልክት እንደሚቀልዱባት ጨምረው ነገሩኝ።

እኔ በቀይ የማስምርበት ነገር ለእሳቸው ክብር ነበር። በየቀኑ ሰሌዳው ላይ «ማቆሚያ፣ ማቆሚያ» ስል፣ ሃያ ሁለት ዓመት ያላደረጉትን አድርጉ እያልኳቸው ነበር ለካ።

«ታዲያ እርስዎ መውጫዎን በምን ያውቃሉ?»

«ትከሻዬን ስትነካኝ።»

«ባትነካዎትስ?»

«እዚያው ነኛ። አንዴ ተረካቢዬን ምጥ ይዟት ቀርታ ሁለት ፈረቃ ሠርቻለሁ።» ሳቅ አሉ። «ለእኔ ሳትነግር ወለደች።»

የፋብሪካው አጥር ጥግ ደብተሬን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ መሣል ጀመርኩ። ባጃጅ የሚጠብቁ ሁለት ሠራተኞች ከትከሻዬ በላይ ያዩኛል። ሉፑ ማሽኑ አይደለም አልኳቸው፤ ሉፑ የእርስዎ ፈረቃ ነው። እርስዎ ይመላለሳሉ፣ ክር ይቀጥላሉ፣ በየዙሩም ትከሻዎ ተነክቶ እንደሆነ ያያሉ። ሲነካ ይወጣሉ።

«ሉፑ ሲያልቅ ኮምፒውተሩ አይቆምም እትዬ። ከታች ላለው መስመር ያስረክባል እንጂ።»

ሥዕሉን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት።

«ያስረክባል?»

«ያስረክባል።»

«ታዲያ ይሄን ሦስት ሳምንት ሙሉ ለምን ደበቅሽኝ?»

በማግስቱ ክፍል ገብቼ መጀመሪያ ያደረግሁት በሰማያዊ ከጻፍኩት ትርጉም ውስጥ «ማቆሚያ» የሚለውን መደምሰስ ነው። እትዬ በበኩላቸው ፕሮግራማቸው አናት ላይ በላቲን ፊደል «ትከሻ» የሚል ስም አስቀመጡና ዋጋውን ዜሮ አደረጉት። ትከሻ ዜሮ እስከሆነ ድረስ ይሥራ፤ ሥራው ሲሞላ ትከሻ አንድ ይሁን። ከአንድ እስከ አሥር ቆጠሩ፤ አሥር ላይ ወጣ። ክፍሉ አጨበጨበ። እትዬ ግን ከአሥር በታች ባዶ የሆነውን ስክሪን ጥቂት ጊዜ እንደ ሰው ቤት አዩት።

አንድ ነገር ብቻ ቀርቶ ነበር፤ እኔም አቃልዬ ተውኩት። በስህተት ሉፕ ውስጥ የገቡ ዕለት አሁንም ኮንትሮልንና «ሲ»ን አይጫኑም። እጃቸውን አውጥተው እኔን ይጠብቃሉ። «እሱ የመካኒክ ነው» ይላሉ፤ እኔም እሄድና እጫንላቸዋለሁ።

ፈታኙ ረጋ ያለ፣ ሲናገር ድምፁ የማይሰማ ሰው ነበር። እኛ መምህራን ኮሪደሩ ላይ ሆነን በመስኮት ብቻ እንድናይ ተፈቀደልን። ጥያቄው ከአንድ እስከ መቶ ካሉት ቁጥሮች በሦስት የሚካፈሉትን ማውጣት ነው። ለወንበር ሰባት የሚሆነው መስኮት ሦስተኛው ስለነበረ እዚያ ቆምኩ።

እትዬ ቶሎ ጽፈው ጨረሱና አስጀመሩት። ከጻፉት ኮድ ስር ምንም አልወጣም። ጠቋሚዋ ብቻ ብልጭ ድርግም ትላለች። ከመስታወቱ ውጪ ሆኜ ኮዱን አነበብኩት። ቁጥሩን በአንድ የምታሳድገው መስመር «በሦስት ከተካፈለ» ከሚለው ስር ገብታለች። የመጀመሪያው ቁጥር አንድ ነው፤ አንድ ለሦስት አይካፈልም፤ ስለዚህ አያድግም፤ ስላላደገም ያው አንድ ነው። አንድ ሰው የቀረው።

ሌላ ተማሪ ቢሆን ስክሪኑን እያየ ገና እያሰበ ነው ይል ነበር። እትዬ ግን ጆሯቸውን ወደ ኮምፒውተሩ ዘንበል አደረጉ። የማራገቢያው ድምፅ ከፍ እያለ መጥቷል። ክር ሳይኖረው ባዶውን የሚሽከረከር ማሽን ድምፁ ሌላ እንደሆነ ከፋብሪካው ስንወጣ ነግረውኝ ነበር። አወቁት። እጃቸውንም አወጡ።

ፈታኙ መጣ፣ ጎንበስ ብሎ ሰማቸውና ራሱን ነቀነቀ። በፈተና ሰዓት መካኒክ የለም። እጃቸውን አወረዱ። በግድግዳው ሰዓት አሥራ አንድ ደቂቃ ቀርቷል።

አንድ ጊዜ ወደ መስኮቱ ዞሩ። እኔ የራሴን እጅ ወደ ግራ ትከሻዬ ሲሄድ አገኘሁት። ምልክት መስጠት ክልክል ስለሆነ የኮቴ ኪስ ውስጥ ከተትኩትና መሬት መሬት አየሁ። መሬቱን ምን ያህል ጊዜ እንዳየሁ አላውቅም። ቀና ስል የእትዬ ሁለት ጣቶች ኪቦርዱ ላይ ተዘርግተዋል፣ ክር እንደሚይዙበት ሆነው፤ ግን አልተጫኑም። አሳላቸው። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ፤ ሳሉ እስኪያልፍ ጠበቁ።

ከዚያ ተጫኑት።

ቆመ። ማራገቢያው ቀስ እያለ ዝም አለ። እትዬ ግራና ቀኝ አዩ፤ የጮኸባቸው ሰው የለም። ጠቋሚ ጣታቸውን በስክሪኑ ላይ ከላይ ወደ ታች፣ መስመር በመስመር አወረዱ፤ አንዷ መስመር ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ። ያቺን መስመር ወደ ግራ ጎትተው አወጧት። እንደገና አስጀመሩት። ሦስት፣ ስድስት፣ ዘጠኝ እያለ ወረደ፤ ዘጠና ዘጠኝ ላይ ወጣ። አራት ደቂቃ ቀርቶ ነበር።

ፈታኙ ወረቀቱ ላይ ከጻፈ በኋላ ስክሪኑ ላይ «ትከሻ» የሚለውን ስም እያመለከተ አንድ ነገር ጠየቃቸው። ምን እንዳሉት አልሰማሁም፤ ግን ተነስተው ከወንበሩ ጀርባ ቆሙና በመዳፋቸው የራሳቸውን ትከሻ ነክተው አሳዩት። ፈታኙም ባዶውን ወንበር አየ፣ እሳቸውን አየ፣ ቀስ ብሎም የራሱን ትከሻ ነካ።

ኮሪደሩ ላይ ስንገናኝ ስለ ውጤቱ አላነሱም።

«ቲቸርዬ፣ ማሽን አቆምኩ።»

«አየሁዎት። ምን ተሰማዎት?»

«ደነገጥኩ» አሉ። ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ከዚያ ምንም አልሆነም።»

ውጤቱ በሳምንቱ ተለጠፈ፤ አልፈዋል። በወሩ መጨረሻ ወደ መቆጣጠሪያው ክፍል ተዛወሩ። ከጥቂት ቀን በኋላ ሲደውሉልኝ መጀመሪያ ያስተዋልኩት ያልሰማሁትን ነው፤ ስንነጋገር አንዴም አላሳሉም። ሥራው ቁጭ ብሎ ማየት ብቻ ስለሆነ ወገባቸውን እንዳመማቸው አማረሩ። የመጀመሪያው ቀን ፈረቃቸው ሲያልቅ የተካቸው ወጣት በሩ ላይ ሆኖ «እትዬ፣ ጨርሰዋል፣ ይሂዱ» አላቸው አሉ። ክፍሉ ጸጥ ያለ ስለሆነ በደንብ ሰምተውታል። ሁለተኛም አላቸው። ሦስተኛም አላቸው።

«ታዲያ ለምን አልተነሱም?» አልኳቸው።

«መጥቶ እስኪነካኝ ነዋ» አሉኝ።

ስልኩን እንደዘጋሁ ደብተሬን አወጣሁና «የማያልቁ» ከሚለው ገጽ ላይ፣ በተራ ቁጥሩ፣ መዘገብኩት።